ምዕራፍ 6፦ ለቃለ መጠይቅ ምን ይለበስ?

በ1977 ኤፕሪል ወር (በዚህ መጽሐፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንድ የኮምፒውተር ትርኢት ተከፈተ። አፕል የሚባል ገና በእግሩ ያልቆመ ኩባንያ «አፕል 2» የተሰኘ ኮምፒውተሩን ለሕዝብ ያሳየው እዚያ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ስቲቭ ጆብስ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1974፣ አታሪ ወደተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ሰንደል ጫማ ተጫምቶ፣ ፀጉሩ ተንጨባርሮ ገብቶ፣ ካልተቀጠርኩ ንቅንቅ አልልም ብሎ ሥራ አግኝቷል። ለትርኢቱ ግን እንዲያ ሆኖ አልቀረበም። ለኩባንያው ገንዘብም ምክርም የሰጠው ማይክ ማርኩላ፣ ጆብስንና ባልንጀራውን ስቲቭ ዎዝኒያክን ልብስ ሰፊ ዘንድ ልኮ ባለ ሰደርያ ሙሉ ልብስ አስለበሳቸው።

ሰውየው ያው ነው። ሙሉ ልብሱ በችሎታው ላይ ቅንጣት አልጨመረም። ታዲያ አንዱ በር በሰንደል ሲከፈት ሌላው ሰደርያ የጠየቀው ለምንድን ነው? ለዚህ መልስ ያገኘ ሰው፣ ለቴክኖሎጂ ኩባንያ ቃለ መጠይቅ ምን ልልበስ ብሎ በዋዜማው ቁም ሣጥን ፊት ከመቆም ይድናል። መልሱ ያለው ደግሞ በፋሽን መጽሔት ሳይሆን እስካሁን ስንከታተለው በቆየነው የመረጃ ኢኮኖሚክስ ውስጥ ነው።

ከአሮጌ መኪና ወደ አዲስ ሠራተኛ

በምዕራፍ 4 ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 የጻፈውን የአሮጌ መኪና ገበያ አይተናል። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ስለማያውቅም ለሁሉም መኪና መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ደህና መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋስ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚተርፈው ብልሽቱ ነው። ያን ምዕራፍ የዘጋነው፣ ገበያውን የሚገድለው እውነተኛው ሻጭ እውነተኛነቱን የሚያሳይበት መንገድ ማጣቱ ነው ብለን ነበር።

ቅጥርም ይኸው ችግር አለበት። አመልካቹ የሚችለውንና የማይችለውን፣ ትጋቱንም ስንፍናውንም ራሱ ያውቃል። ቀጣሪው እጅ ያለው አንድ ገጽ ወረቀትና የጥቂት ሰዓታት ጭውውት ነው። ማይክል ስፔንስ በ1973 ያወጣው ጽሑፍ ይህን ክፍተት ስለሚሞላው ነገር የሚያወሳ ነው፤ በ2001 ከአከርሎፍና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን የተካፈለውም በዚሁ መስክ ሥራው ነው። ሐሳቡ ሲቀልል እንዲህ ነው፦ የሚችል ሰው ከማይችለው እንዲለይ፣ ለእሱ የማይከብድ፣ ለማይችለው ግን እጅግ የሚከብድ ነገር ሠርቶ ማሳየት አለበት። ኢኮኖሚስቶች ይህን ነገር ምልክት ይሉታል። የስፔንስ ምሳሌ ትምህርት ነበር። ከባዱን ዲግሪ ጎበዙ በአነስተኛ ድካም ይጨርሰዋል፤ ሌላው ወይ መሐል ላይ ይተወዋል ወይ ጭራሹን አይጀምረውም። ስለዚህ በክፍል የተማረው ነገር ለሥራው ባይጠቅም እንኳ ዲግሪው ስለ ባለቤቱ ይናገራል።

በዚህ ሚዛን ሙሉ ልብስ ደካማ ምልክት ነው። ጎበዙም ሰነፉም በአንድ ዋጋ ይገዛዋል፤ ከወንድም ይዋሱታል፤ ተከራይተውም ይለብሱታል። አንድ ፕሮግራመር በብዙ ሺህ መስመር ኮድ ውስጥ የተደበቀ ስሕተት ፈልጎ የማግኘት ችሎታው ከከረባቱ ቋጠሮ አይነበብም። ታዲያ ልብስ ችሎታን ካላሳየ ሰው ለምን ይጨነቅበታል?

የነጠላው ጥለት

ይህን ለማስረዳት ከነጠላ የተሻለ አላውቅም። ነጠላ አንድ ጨርቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በመስቀለኛ ትለብሰዋለች፤ ለቅሶ ስትደርስ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻዋ ታዞረዋለች። በቀድሞው ዘመን ደግሞ ጌታ ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደግድጎ ይቆም ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል ጨርቁም ዋጋውም አልተለወጠም። ጥለትን ወደ ላይ ማዞር ሳንቲም አያስወጣም፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል፤ እንደ ስፔንስ ዲግሪ ልፋት የለበትም። ሆኖም ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያነበዋል።

የሚያነበው ምንድን ነው? የሐዘኗን ጥልቀት አይደለም። እሱን ጥለቱ ሊናገር አይችልም። የሚነበበው የመጣችበትን ቤት ማወቋ፣ ለባለ ሐዘኖቹም ቦታ መስጠቷ ነው። አሁን ያቺው ሴት በሠርግ ልብስ ደምቃ ብትገባስ? ሐዘኗ ከሁሉም የበረታ ሊሆን ይችላል፤ ግን ለጊዜው የሚያየው የለም፤ ዓይን ሁሉ ልብሷ ላይ ይቀራል። ልብ በሉ፣ ነገሩ ሁለት ወገን አለው፤ ሁለቱ ወገኖች ግን እኩል አይደሉም። በትክክል መልበሷ ሐዘኗን አላስመሰከረላትም። ሳትገጥም መልበሷ ግን ሐዘኗን ይጋርደዋል።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። የቃለ መጠይቅ ልብስ ችሎታን አያስመሰክርም፤ ሲያመልጥ ግን ችሎታን ይጋርዳል። ስለዚህ የአመልካቹ ዓላማ በልብሱ መደነቅ ሳይሆን ጠያቂው ልብሱን ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ እንዲረሳው ማድረግ ነው።

ጋርዶሹ ደግሞ የዋዛ አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መኮንኖች ወታደሮቻቸውን በቁመና፣ በማስተዋል፣ በመሪነትና በጠባይ ለየብቻ እንዲመዝኑ ሲጠየቁ ውጤቶቹ ከሚገባው በላይ ተቀራርበው እንደተገኙ አሳይቷል። ቁመናው ያማረ ወታደር አስተዋይም መስሎ ይታያቸው ነበር። በአንድ ነገር ያደረብን ግምት በማይመለከተው ነገር ላይ ሁሉ ያጠላል። ጠያቂው ይህን እያወቀም ቢሆን ከጥላው ሙሉ በሙሉ አያመልጥም።

ከረባቱ የት ሄደ?

ለብዙ አሥርት ዓመታት የኮምፒውተር ሰው ማለት ጥቁር ሙሉ ልብስና ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የአይ ቢ ኤም ሠራተኛ ነበር። ኩባንያውን ከ1914 ጀምሮ የመራው ቶማስ ዋትሰን የተከለው ልማድ ነው። በ1995 ይህን ደንብ ያነሣው የኋላው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሉ ገርስትነር ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ዋትሰን በጊዜው ትክክል እንደነበረ ይናገራል። የአይ ቢ ኤም ሻጮች የሚሄዱት ወደ ባንክና ወደ ትልልቅ ድርጅት ኃላፊዎች ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ጥቁር ሙሉ ልብስ ይለብሱ ነበርና እንደ ደንበኛ መልበስ ደንበኛን ማክበር ነበር። ዘመን አልፎ ደንበኞቹ ልብሳቸውን ሲለውጡ የአይ ቢ ኤም ሰዎች በጥቁሩ ጸኑ። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ጥለቱ ግን ወደ ላይ እንደዞረ ቀረ ማለት ነው። ደንቡ የተተከለበትን ምክንያት ረስቶ ደንቡን መጠበቅ በቢሮ ብቻ የሚታይ በሽታ አይደለም።

ከደንበኛው መለወጥ የሚከብድ ሌላ ምክንያትም አለ። ጠበቃ ወይም የገንዘብ አማካሪ የሚሸጠው በአብዛኛው እምነት ነው። ምክሩ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚታወቀው ምናልባት ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ደንበኛው እስከዚያ በቢሮው ምንጣፍና በልብሱ ጥራት ይጽናናል። ፕሮግራመር ግን ወይ የሚሠራ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ወይ አይጽፍም። ቀጣሪው በነጭ ሰሌዳ ላይ ወይም በኮምፒውተር ችግር ሰጥቶ በአንድ ሰዓት ይፈትነዋል፤ ቀደም ሲል የጻፈውንም ኮድ ጊትሀብ በመሳሰሉ የኮድ ማኖሪያ ገጾች ላይ ገብቶ ያነባል። ስፔንስ ባስተማረን መንገድ ስናየው፣ ጠንካራ ምልክት በእጅ ሲገባ ደካማው ምልክት ዋጋ ያጣል። በሲሊከን ቫሊ ከረባት የረከሰው ወጣቶቹ ስላመፁ ብቻ አይመስለኝም፤ ሥራቸው በቀላሉ የሚፈተን ሥራ ስለነበረ ነው።

ይህ ማብራሪያ አንድ ጥቅም አለው፦ ከረባቱ የት እንዳልሄደም ይነግረናል። በቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥም ቢሆን ከባንኮችና ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ፊት ለፊት የሚደራደር የሽያጭ ሠራተኛ ኮቱን አልጣለም። «ቴክ ነው፣ ምንም ብትለብስ ግድ የለም» የሚለው ምክር ሥራው ከማን ጋር እንደሚያገናኝ ሳይጠይቅ የሚሰጥ ነውና አልወደውም።

ካናቴራም ደንብ አለው

በ2012 ሜይ ወር ማርክ ዙከርበርግ የፌስቡክን አክሲዮን ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት የኒው ዮርክ ባለሀብቶችን ያነጋገረው ኮፍያ ያለው ሹራብ፣ ሁዲ የሚሉትን ለብሶ ነበር። ማይክል ፓክተር የተባለ የአክሲዮን ገበያ ተንታኝ ይህ ያለመብሰል ምልክት ነው ብሎ ነቀፈው። ባለሀብቶቹ ግን አክሲዮኑን ከመግዛት አላፈገፈጉም። ለምን?

ኒክ ፌልቶቪች፣ ሪችመንድ ሃርቦና ቴድ ቶ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2002 ለእንዲህ ያለው ነገር መልስ አቅርበዋል። ሦስት ዓይነት ሰው እንበል፦ ደካማ፣ መካከለኛና እጅግ ብርቱ። መካከለኛው ከደካማው ጋር እንዳይቀላቀል ምልክት ማሳየት ግዴታው ነው። ብርቱው ግን ብርታቱ አስቀድሞ በሌላ መንገድ ስለተሰማ ከደካማው ጋር የሚያምታታው የለም። እንዲያውም ምልክቱን መተዉ ከመካከለኛው ይለየዋል። ወደ ሸማው ስንመለስ፣ ጌታው ፊት የቆመው ሰው ያደገድጋል፤ ጌታው ራሱ ግን ሸማውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ይቀመጣል። ዙከርበርግም የተቀመጠው በጌታው ወንበር ነበር። ወንበሩ ሲለወጥ፣ በ2018 ኤፕሪል ወር የአሜሪካ ሴናተሮች ፊት ለጥያቄ ሲቀርብ፣ ሙሉ ልብስና ከረባት አድርጎ ነው የታየው።

ስለዚህ ገና ስሙ ያልተሰማ አመልካች የዙከርበርግን ሹራብ ሲለብስ የሚቀዳው ልብሱን ብቻ ነው። ሹራቡን እንደ ብርታት ያስነበበው ከሹራቡ በፊት የነበረው ዝና ነው፤ እሱ ደግሞ አይቀዳም።

ካናቴራው ራሱ ከጊዜ በኋላ መታወቂያ ልብስ ሆኗል። ባለሀብቱ ፒተር ቲል በ2014 ባሳተመው መጽሐፉ፣ እሱና አጋሮቹ ሙሉ ልብስ ለብሶ ገንዘብ ሊጠይቅ በሚመጣ የቴክኖሎጂ ሥራ አስኪያጅ ላይ ገንዘብ እንደማያፈሱ ጽፏል። ደንብ የለም በሚባልበት ቤት ደንቡ የበለጠ ጥብቅ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ አያሻም። ደንቡ ከታወቀ ደግሞ ማንም ሊለብሰው ይችላል። በቁምጣና በካናቴራ የሚታወቀው ሳም ባንክማን-ፍሪድ፣ ኤፍ ቲ ኤክስ የተሰኘው የክሪፕቶ ገንዘብ ኩባንያው በ2022 ኖቬምበር ከከሰረ በኋላ ለፍርድ ቀርቦ በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የቅርብ ባልደረባው የነበረችው ካሮላይን ኤሊሰን በ2023 ለፍርድ ቤቱ ስትመሰክር፣ የተንጨባረረው ፀጉሩ ዋጋ እንዳለው ያምን እንደነበር፣ ቅንጡ መኪናውንም ለገጽታው ሲል በቶዮታ ኮሮላ እንደለወጠ ተናግራለች። ችላ ብሎ መልበስም ተቀነባብሮ ሊለበስ ይችላል።

የ2012 ሁለት ሹራቦች

እስካሁን ልብሱን ስናነብ ለባሹን ረስተናል። በዚያው በ2012፣ ዙከርበርግ ኒው ዮርክ ከመታየቱ ሁለት ወር ተኩል ገደማ በፊት፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን፣ በፍሎሪዳ ግዛት ሳንፎርድ ከተማ ትሬቮን ማርቲን የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሶ ከሱቅ ሲመለስ አንድ የሰፈር ጠባቂ ነኝ ባይ ተኩሶ ገደለው። ለሞቱ ሹራቡን ተጠያቂ ያደረጉ ሰዎች በቴሌቪዥን ሳይቀር ተናገሩ። የኢሊኖይ ተወካይ ቦቢ ረሽ በማርች ወር ይህን ለመቃወም ሁዲ ለብሶ በምክር ቤቱ ሲናገር ከአዳራሹ እንዲወጣ ተደረገ። አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ አገር፣ አንድ ዓመት፤ በአንዱ ላይ ሊቅነት፣ በሌላው ላይ ስጋት ሆኖ ተነበበ።

በሲያትልና በሳን ሆዜ ለሚያመለክቱ ልጆቻችን ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ነጩ የክፍል ጓደኛቸው በተሸበሸበ ካናቴራ ገብቶ «በሐሳብ የተጠመደ» ሲባል፣ እነሱ በዚያው ካናቴራ «ያልተዘጋጀ» ሊባሉ ይችላሉ። ሴቶችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። የኮደሩ መታወቂያ ልብስ በወንድ ልክ የተቆረጠ በመሆኑ፣ ቀሚስ ለብሳ የምትገባ ፕሮግራመር የሰው ኃይል ሠራተኛ ተደርጋ ትታያለች፤ ሁዲ ስትለብስ ደግሞ ለራሷ ግድ የሌላት። ይህ ፍትሕ የጎደለው ነው፤ ማስተካከሉም የአመልካቾች ሳይሆን የጠያቂዎች ሥራ ነው። እስኪስተካከል ድረስ ግን ለእንግዳ ሰው ጥቂት ከፍ አድርጎ መልበስ በትንሽ ወጪ የሚገዛ መከላከያ መሆኑን ባልናገር ቅር ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም። በ2008 በኦክላሆማ ቱልሳ ከተማ አንዲት ሙስሊም ልጃገረድ ለአበርክሮምቢ ኤንድ ፊች የልብስ መደብር ቃለ መጠይቅ ሻሽ ለብሳ ቀረበች፤ ሻሹ ከመደብሩ የአለባበስ ደንብ ጋር አይሄድም ተብሎ ሳትቀጠር ቀረች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 በ8 ለ1 ድምፅ ኩባንያው ተረታ። በአሜሪካ ሒጃብም ሆነ የአንገት ማተብ በሃይማኖት ምክንያት የሚደረግ ከሆነ፣ ለቃለ መጠይቅ ተብሎ የሚወልቅ ነገር አይደለም።

ቁም ሣጥኑን እንክፈት

ሥራው እንግዲህ ቀላል ነው። መጀመሪያ በዚያ ቤት በአዘቦት ቀን ምን እንደሚለበስ ማወቅ፣ ከዚያ በአንድ እርከን ከፍ ማለት። ሁለት እርከን ከተወጣ የሠርግ ልብስ ይሆናል።

ለማወቅ ዋናው መንገድ መጠየቅ ነው። ቀጠሮውን ለያዘው የሰው ኃይል ሠራተኛ «ለቃለ መጠይቁ የሚመረጥ አለባበስ ካለ ቢነግሩኝ» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ነውር የለውም፤ በየቀኑ የሚጠየቁት ነገር ነው። የኩባንያው ፎቶግራፎችም ይረዳሉ፤ የበዓልና የሽልማት ቀን ፎቶ ግን ስለ አዘቦቱ አይናገርም።

ሁሉም ጂንስና ካናቴራ በሚለብስበት ቤት፣ ንጹሕ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ወይም ተራ ሱሪ፣ የተተኮሰ ባለ ኮሌታ ሸሚዝ፣ ያለ ከረባት፣ በቂ ነው። ሸሚዝ የአዘቦት ልብስ በሆነበት ቤት ኮት ይደረብበታል። ለሴት አመልካችም እርከኑ ያው ነው፤ ሱሪም ጉርድ ቀሚስም ቢሆን ከሸሚዝ ጋር፣ እንደ ቤቱ ኮት ወይም ስስ ሹራብ ተደርቦበት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ነገር መለየት ያሻል። የባንክ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ከቴክኖሎጂ ክፍልነቱ በፊት ባንክ ነው። እዚያ ሙሉ ልብስ የሚጋርድ አይሆንም፤ በአንድ ክፍል አፓርታማ ውስጥ አፕሊኬሽን የሚሠሩ አምስት ወጣቶች ዘንድ ግን ይሆናል።

ጫማን ዝቅ አድርገን አንየው። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ቢሮ ድረስ የተጠራ አመልካች ከአራትና ከአምስት ሰዎች ጋር ተራ በተራ እየተገናኘ ቀኑን ሙሉ ሊውል፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ሊጽፍ ይችላል። በዚያ ቀን አዲስ ጫማ መፍታት ሐሳብን ከጥያቄው ወደ ተረከዝ ያወርዳል። ሊስትሮ ያሳመረው የለመደ ጫማ ይበልጣል።

ለዚህ ተብሎ ተበድሮ ልብስ መግዛትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ደካማ ምልክት ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ገንዘቡ ካለ የኢንተርኔት ጥቅል ተገዝቶበት የልምምድ ጥያቄዎች ቢሠሩበት፣ ጠንካራው ምልክት ላይ ዋለ ማለት ነው።

ካሜራ የራሱ ዓይን አለው

ከአዲስ አበባ ሆነው ለውጭ ኩባንያ የሚያመለክቱ ሰዎች የሚጠየቁት በቪዲዮ ነው። እዚህ ላይ ልብሱን የሚያነብ ሦስተኛ ወገን አለ። ካሜራ ብርሃንን የሚመጥነው በራሱ ነው፤ በምስሉ ውስጥ በጣም የፈካ ነገር ሲበዛበት ሁሉንም ያጨልማል። ጠይም ወይም ጥቁር ሰው ደማቅ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ ሲቀመጥ፣ ካሜራው ሸሚዙንና መስኮቱን ለማስተካከል ሲል ፊቱን ጥላ ያደርገዋል። ጠያቂው ዓይኑንም ፈገግታውንም አያይም። ስለዚህ ለቪዲዮ ውኃ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሸሚዝ ይመረጣል፤ መስኮቱም ከፊት ለፊት ይሁን። ቀጫጭን መስመር ወይም ደቃቅ ነጠብጣብ ያለበት ጨርቅም ስክሪን ላይ የሚርገበገብ ሞገድ ይፈጥራል፤ ይህ የሚመጣው የጨርቁ መስመሮችና የካሜራው ደቃቅ የምስል ነጥቦች ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ነው። ዓይንን ስለሚያደክም አንድ ወጥ ቀለም ይሻላል።

ከወገብ በታች አይታይም ብሎ በፒጃማ መቀመጥ አያዋጣም። መብራት ጠፍቶ ሞደሙን ወደ ባትሪ ለማዛወር መነሳት ሊመጣ ይችላል። በዋዜማው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ልብስ ተቀምጦ ሁለት ደቂቃ ራስን ቀርጾ ማየት ሁሉንም ችግር አስቀድሞ ያወጣል፤ መብራቱ ፊት ላይ ካላረፈ ሸሚዙን ከመለወጥ በፊት ጠረጴዛውን ማዞር ይሞከር።